ከወፏ ምንቃር ሥር

«ጫፉስ? ጫፉ የት ገባ?»

የእናቷ ድምፅ ከኮሪደሩ ማዶ ሲመጣ ጉንዳን ብርጭቆ ወረቀቱን ከዛጎሉ ላይ ሳታነሳ ደርቃ ቀረች። እናቷ የምትጮህ ሴት አይደለችም። አፉን ከፍቶ በፍርሃት የሚያያትን ሰው ስታባብል የምትውል የጥርስ ሐኪም ስለሆነች፣ ስትቆጣ እንኳ ድምፅዋን ዝቅ ነው የምታደርገው። ዛሬ ግን ድምፅዋ ሁለት በር አልፎ መጣ።

«ደግሞ የምን ጫፍ ነው?» አለ አጎቷ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ አዲስ የጊታር ክር ከፓኮው እያወጣ። «ዶክተርን ዛሬ ምን ነካት፣ በቅዳሜ ምድር?»

«እኔ እንጃ» አለች ጉንዳን።

ነጭ ውሸት። የምን ጫፍ እንደሆነም፣ የት እንደገባም ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጫፉ ያለው እዚሁ እጇ ሥር ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጊታሩ ላይ በለጠፈቻት የዛጎል ወፍ፣ ከምንቃሯ ሥር።

ጉንዳን የሚለውን ስም ያወጣላት አጎቷ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከጠረጴዛው ሥር የወዳደቀ የእንጨት ስብርባሪ እየለቀመች በሰልፍ ስትደረድር አይቶ፣ «ይቺ ጉንዳን ቤቴን ተሸክማ ልትሄድ ነው!» አለ፤ ስሙም ተለጥፎባት ቀረ። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ፣ በቁመት እናቷን አልፋ፣ ትምህርት ቤት ሳይቀር ጉንዳን ነው የምትባለው።

ቤታቸው ሁለት ሥራ ቤት ነው። ከፊት የእናቷ የጥርስ ክሊኒክ፣ ከኋላ የአጎቷ ጊታር መሥሪያ፣ መሐላቸው ጠባብ ኮሪደር፣ ኮሪደሩ ላይ ታካሚ የሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር። መሰርሰሪያ በሁለቱም በኩል ይጮኻል። አዲስ የመጣ ታካሚ ከኋላ ሲጮህ ይሰማና «እዚያም ጥርስ ይነቀላል እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። ያን ጊዜ አጎቷ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ የኔ ታካሚዎች ሲጮኹ ያስጨፍራሉ» ይላል። ይህን ቀልድ ጉንዳን ሺ ጊዜ ሳትሰማው አልቀረችም።

ሌላ ቤት የሌለ አንድ ሕግም አላቸው። ክሊኒኩ ውስጥ ለጥርስ የማይሆን መሣሪያ አይጣልም፤ ኮሪደሩን ይሻገራል። የደነዘ መቦርቦሪያ፣ ሹል ጫፉ የተበላ የጥርስ ቀዳዳ መፈተሻ፣ የተጫረ ባለ እጀታ መስታወት ሲገኝ፣ ሲስተር በእንፋሎት ማሽኑ ቀቅላ እጀታው ላይ ቀይ ፕላስተር ትጠመጥምበትና ለአጎቷ ታስረክባለች። ሲስተር እናቷን የምታግዘው ነርስ ናት፤ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። «ለጥርስ የሸመገለ ለእንጨት ጎረምሳ ነው» ይላል አጎቷ ሲቀበል። በመቦርቦሪያው የዛጎል ጌጥ የሚቀበርበት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በመፈተሻው የጉድጓዱን ጥግ ያጸዳል፤ በመስታወቷ የጊታሩን ሆድ ዕቃ ያያል። ሕጉ ግን ሕግ ነው። ቀይ የተጠመጠመበት ወደ ክሊኒኩ አይመለስም፤ ያልተጠመጠመበት ወደዚህ አይሻገርም።

ጉንዳን ትናንት ያሻገረችው ያልተጠመጠመበትን ነው።

ጊታሩ የአውቶቡስ ሾፌሯ ነው። ሾፌሯ ተራ ስትጠብቅ መሪው ላይ ተደግፋ የምትጫወተው ያረጀ ጊታር ነው፤ አንገቱ ላይ የነበሩት ነጭ ነጠብጣቦች አንድ ባንድ ረግፈዋል። ያመጣችው ቀን፣ «መሐል ላይ ወፍ አድርጉልኝ፤ የምትበር። እኔ ያው ከመስመሬ አልወጣም፣ እሷ ትውጣልኝ» አለች። አጎቷ ጊታሩን ተቀብሎ ወደ ጉንዳን አዞረው።

«ይሄ ያንቺ ነው። ብቻሽን።»

«እውነትህን ነው ጋሼ?» እናቷም እሷም ጋሼ ነው የሚሉት።

«ስፌቱ ሳይታይ ከገጠመ ሦስተኛዋ መሳቢያ ያንቺ ናት። ቁልፏንም እሰጥሻለሁ።»

የጠረጴዛው ሦስተኛ መሳቢያ! ጉንዳን ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ወፍ ከዛጎል ቆረጠች፤ በጊታሩ አንገት ጥቁር እንጨት ላይ ቅርጿን ጫረች፤ በጥርስ መቦርቦሪያ ቆፈረችላት። ክንፉ ገጠመ፤ ጭራው ገጠመ። ምንቃሩ ግን እንቢ አለ። ጥጉ ጠባብ ነው፤ ቀይ ፕላስተር ያለባቸው መፈተሻዎች ሁሉ ጫፋቸው ወፍሮ አይገባም።

ትናንት ዓርብ፣ የመጨረሻው ታካሚ ወጥቶ፣ እናቷ እጇን እየታጠበች፣ ሲስተር መጋዘን ገብታ ሳለ፣ ጉንዳን በክፍቱ በር አየችው። አዲስ መፈተሻ፣ ጫፉ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ንጹሑ ትሪ ላይ። ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ አለች በልቧ። አነሳችው።

አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ጥጉ ላይ የቀረችውን የእንጨት ፍቅፋቂ ፈንቅላ ልታወጣ ስትል «ጠቅ» አለ። ጫፉ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። በጥፍሯ ሞከረች፤ በወረንጦ ሞከረች፤ ወይ ፍንክች! ማጣበቂያው ደግሞ ተደባልቆ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ሊሆን ነው። ወፍ ሥር ማን ያያል? ወፏን ከላዩ አስቀመጠችና ተጫነቻት። ምንቃሯ ቁልጭ ብሎ ገጠመ፤ ፀጉር አያሳልፍም።

የተሰበረውን መፈተሻ ከታካሚው የተረፉት ያገለገሉ መሣሪያዎች መሐል ጣለችው። ሲስተር ነገ ተሰብሮ ታገኘዋለች፤ ቀይ ፕላስተር ትጠመጥምበታለች፤ ያው ወደኛው ይመጣል፤ እኔ ትንሽ አስቀደምኩት እንጂ ምን አጠፋሁ? እንዲህ አለች ለራሷ። ግማሹን አስባ ነበር። የረሳችው ሌላው ግማሽ፣ በጊታር ቤት የተሰበረ ጫፍ ጥራጊ ቢሆንም፣ በጥርስ ክሊኒክ ግን «ሰው ውጦት ይሆን?» የሚያሰኝ መሆኑን ነው።

አሁን እናቷ በኮሪደሩ እየመጣች ነው። ነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ይላል።

«ጋሼ፣ አንዱ መፈተሻ ጫፉ ተሰብሯል» አለች እናቷ በር ላይ ቆማ፤ የተሰበረውን ይዛዋለች። «ሲስተር ከማሽኑ ስታወጣ ነው ያየችው። ትናንት መጨረሻ ያከምኩት ፖስተኛውን አባባ ነው፤ መሣሪያው ከእሳቸው ዕቃ ጋር ነበር። አፋቸው ውስጥ ተሰብሮ ከሆነ...» አልጨረሰችውም። ከዚያ ዓይኗ ጉንዳን ላይ አረፈ። «ከዚህ የነካው ሰው የለም አይደል?»

ጉንዳን አፏን እስክትከፍት አጎቷ ቀደማት።

«ጉንዳንን ነው የምትይው? ይቺ ልጅ ቀይ ፕላስተር ሳታይ መሣሪያ አትነካም። ለሷ እኔ እምላለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ለመጠየቅ ያህል ነው» አለች እናቷና ልትመለስ ዞረች። «ጧት ስደውልላቸው እንዳይደነግጡ ቀለል አድርጌ ነበር የነገርኳቸው፤ አሁን ስደግም ግን ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም አሉኝ፤ እየመጡ ነው። ሆስፒታል ወስደን ደረታቸውንም ሆዳቸውንም ራጅ እናስነሳለን።»

ጉንዳን አንገቷን ደፍታ ወፏን ማለስለስ ቀጠለች። ምኗንም አላለሰለሰች፤ ወረቀቱ ዝም ብሎ ወዲህ ወዲያ ይላል። ምነው ባይምልልኝ? አለች በልቧ። ቢጠረጥራት ይቀላት ነበር። ሰው ከማለልህ በኋላ እውነቱን መናገር፣ የራስህን ብቻ ሳይሆን የሱንም ቃል መስበር ነው። ደግሞ አጎቷ ጎንበስ ብሎ ወፏን አያት፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤ በጥፍሩ ዳር ዳሩን ዳሰሰ።

«አቦ! ይቺማ ቀሽት ናት!» አለ። «ምንቃሯን እይው እስቲ! እኔ ራሴ እንዲህ አላስገባውም። በምንድነው የጠረግሽው?»

«በ... በቀጭኑ» አለች።

«በየትኛው ቀጭን?»

በዚህ መሐል የውጭው በር ተንኳኳ፤ ሲስተር ሮጣ ከፈተች። ጉንዳን በልቧ ተገላገልኩ አለች።

የገቡት ፖስተኛው አባባ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ኮፍያቸውን ግን እስካሁን አያወልቁም። ቀስ ብለው፣ እንቁላል የተሸከመ ሰው እንደሚራመድ፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው መጡና ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ተቀመጡ። አንድ እጃቸው ጉሮሯቸው ላይ ነው። በሌላው መሐረብ ይዘዋል፤ በየጊዜው አፋቸው ላይ ያደርጉታል። መጀመሪያ ጉንዳን ደም መሰላት። በኋላ ነው የገባት፤ ምራቃቸውን ለመዋጥ ፈርተው ነው።

ውሃ በብርጭቆ ይዛ ወጣች። እግሯ ነው የወሰዳት እንጂ አስባበት አይደለም።

«አባባ፣ ውሃ ይጠጡ።»

«ተባረኪ ልጄ። ይቅርብኝ፤ ወደ ታች እንዳይገፋው» አሉ በቀስታ፣ ከንፈራቸውን ብዙ ሳያንቀሳቅሱ። «ሌሊቱን ጉሮሮዬን የሚወጋኝ ነገር ነበር እንዴ እያልኩ አስባለሁ። ሳስበው ይወጋኛል።»

«አይወጋዎትም» አለች ጉንዳን ሳታስበው።

«እንዴት አወቅሽ?» አሉ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

ብርጭቆውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ክሊኒኩ በር አየች። ሲስተር በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በስልኳ መብራት ከሕክምና ወንበሩ ሥር ትፈልጋለች። ስታለቅስ ቆይታለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል።

«ትናንት ስሰበስብ ሙሉ ነበር እል ነበር ዶክተር» ትላለች ለራሷም ለእናቷም። «አሁን ግን እንጃ። ምናልባት ሳላይ ቀርቼ ይሆናል። ደክሞኝ ነበር። እኔ ነኝ መሰለኝ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ጉንዳን ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ አማርኛ መምህሯም አስጽፈዋታል። ዳዋው ራሱ «እኔ ሳልሆን አልቀርም» ሲል ግን ሰምታ አታውቅም። ወደ ውስጥ ገባች። እናቷ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሆስፒታሉን ትጠይቃለች።

«እማዬ፣ ዝጊው» አለች ጉንዳን።

«ቆይ አንዴ፣ እያወራሁ ነው።»

«እማዬ በናትሽ ዝጊው! ጫፉ እሳቸው ጋ አይደለም። እኔ ጋ ነው። ጊታሩ ውስጥ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት «ሃሎ? ሃሎ?» ስትል ትሰማለች። እናቷ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ጉንዳን ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ትሪውን፣ ሁለት ደቂቃዋን፣ «ጠቅ» ያለውን፣ ማጣበቂያውን። ስትጨርስ እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህባት በወደደች። መጀመሪያ የጠየቀችው እንደ ሐኪም ነው።

«ሲሰበር በዓይንሽ አይተሻል? ጫፉን እንጨቱ ውስጥ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። ያብለጨልጭ ነበር።»

«ከዚያ የተሰበረውን ከታካሚ ዕቃ ጋር ቀላቀልሽው።»

«አዎ።»

«እሺ። በኋላ እንነጋገራለን» አለች እናቷ። እነዚህን ሁለት ቃላት ጉንዳን ከማንኛውም ቁጣ አብልጣ ትፈራቸዋለች።

ሲስተር መሬት ላይ እንደተቀመጠች እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት። «አንቺ ልጅ! እኔኮ ራሴን ልከስ ትንሽ ነበር የቀረኝ!» አለች። «ከጧት ጀምሮ መሣሪያ ስቆጥር ነው የዋልኩት።» ጉንዳን «ይቅርታ ሲስተር» አለች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። አፍራ ነበር፣ በቃ፣ ሌላ ስም የለውም።

ዞር ስትል አጎቷ በር ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ረጅም ጊዜ ጠረገው።

«እኔ ማልኩልሽ እኮ» አለ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እሺ» አለና ወደ ኋላ ሄደ። ሲመለስ ጊታሩን ታቅፏል። «ዶክተር፣ ልጅቷ አለ ካለች አለ። ግን ዛሬ ቃል አንቀበልም መሰለኝ። ያንቺ ራጅ ጥርስ ብቻ ነው የሚያነሳው?»

እናቷ ወንድሟን አየችው። ከዚያ ጊታሩን አየች። ከዚያ ሳትወድ አፏ ዳር ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ጊታሩን የሕክምና ወንበሩ ላይ አጋደሙት። ጀርባው እንዳይጫር ሲስተር ለታካሚ የምታነጥፈውን ወረቀት አነጠፈችለት። አጎቷ ቢከፋውም ቀልድ አያልፈውም፤ «በይ እመቤት፣ አፍሽን ክፈቺ፤ አያምም» አለው ጊታሩን። እናቷ ትንሿን የራጅ ማንሻ ሰሌዳ ከጊታሩ አንገት ሥር አስገባች፤ የራጁን ክንድ ጎትታ ከወፏ በላይ አደረገችው።

«አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አለ» አለ አጎቷ። «መሐል ለመሐል ነው የሚያልፈው። ከሱ ጋር ከተደራረበ ምንም አይታይም።»

ሁሉም ወደ ውጭ ወጥተው ማሽኑ ጢጥ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ እስክሪኑ ዙሪያ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ የታየው የዘንጉ ወፍራም ነጭ መስመር ነው። ወፏ እንደ ጭስ ደብዘዝ ብላ ትታያለች። ከዚያ ከዘንጉ ፈንጠር ብሎ፣ ምንቃሯ ያለበት ጥግ ላይ፣ ጭረት የምታህል ቁልጭ ያለች ነጭ ነገር።

«ተመስገን» አለች እናቷና ወንበሩን ተደገፈች። እናቷም ፈርታ ነበር፤ ከሁሉም ይበልጥ ፈርታ ነበር።

ፖስተኛውን አባባ አስገብተው እስክሪኑን አሳዩዋቸው። እናቷ በጣቷ እያመለከተች አስረዳቻቸው፤ ይቅርታም ጠየቀቻቸው። ጉንዳንም ጠየቀች። አባባ ጎንበስ ብለው አዩ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና አዩ። «ገባኝ፣ ገባኝ። ልጅ ነች፤ ምን ይደረጋል። ዶክተር ካለችማ አለ ነው» አሉ። ሲስተር ደስ ብሏት ሙዝና ዳቦ በሳህን አመጣችላቸው።

«እሺ፣ ይቆይልኝ» አሉ አባባ፤ ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ ተቀበሉ።

አዋቂዎቹ ትንፋሻቸው ተመለሰ። አጎቷ ሰዓቱን አየና፣ «ሾፌሯ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ ክር ለማሰር እንኳ ጊዜ የለንም። በይ ጉንዳን፣ ወፏን ወልውያት» አለ።

«ጫፉስ?» አለች ጉንዳን።

«ጫፉ ምን ይሆናል? እንጨት ውስጥ ነው፤ ማንንም አይወጋ፣ ድምፅ አያበላሽ። ዶክተር አይተሽዋል አይደል?»

«ለኔ ራጁ ይበቃኛል» አለች እናቷ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሁሉም በተመቸ። ወፏ በቦታዋ ትቀራለች፤ መሳቢያዋንም ምናልባት ተለማምጣ ከወር በኋላ ታገኛለች። ጉንዳን ጊታሩን ልታነሳ ስትል ግን ፖስተኛውን አባባ አየቻቸው። ሳህኑ ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ነው። ሙዙ አልተላጠም። ግራ እጃቸው ጉሮሯቸው ላይ ተመልሷል፤ መሐረቡን እንደገና አፋቸው ላይ አደረጉት፤ ሰው እንዳያይባቸው ዞር ብለው።

«አባባ፣ አላመኑም?» አለች ጉንዳን ቀስ ብላ አጠገባቸው ተቀምጣ።

«ኧረ አምኛለሁ።» መሐረቡን አጣጠፉ። «አየሽ ልጄ፣ አርባ ዓመት ፖስታ አድያለሁ። ዕቃሽ መጥቷል ተብሎ ወረቀት የሚደርሰው ሰው አለ። ወረቀቱን ይዞ ይደሰታል። ዕቃውን በእጁ እስኪረከብ ግን አይተኛም። እኔም እንደሱ ሆንኩ መሰለኝ፤ ጉሮሮዬ ወረቀት አልቀበልም አለኝ። አንቺ አትጨነቂ፣ ነገ ተነገ ወዲያ ይለቀኛል።»

ነገ፣ ተነገ ወዲያ። ጉንዳን ሙዙን አየች። ወፏን አየች። ከሠራችው ሁሉ እንዲህ የሚያምር ነገር የለም፤ እሷም ታውቀዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ ትንፋሿን ይዛ የሠራቻት፣ አጎቷ «እኔ ራሴ አላስገባውም» ያላት ወፍ ናት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

ጊታሩን ታቅፋ ወደ ኋላ ክፍል ገባችና የድሮዋን ትንሽ የልብስ ካውያ ሰካች።

አጎቷ ተከትሏት መጥቶ በር ላይ ቆመ። «ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላወጣት ነው።»

«ዛጎል ትኩሳት አይወድም። ትሰነጠቃለች እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እንደዚህ አድርገሽ ሁለተኛ ላይገጥምልሽ ይችላል።»

«እሱንም አውቃለሁ ጋሼ» አለች፤ አሁን በእርግጥ እያለቀሰች ነበር። «እሳቸው እኮ ምራቃቸውን አልዋጡም።»

አጎቷ ወጣ፤ ፖስተኛውን አባባ ከነሳህናቸው ደግፎ አምጥቶ የራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ካርቶን በወፏ ልክ ቀዶ፣ ዙሪያው እንዳይቃጠል እንጨቱ ላይ አነጠፈላት። እርጥብ ጨርቅም አቀበላት። ካውያውን ግን አልነካም።

ጉንዳን የካውያውን ሹል ጫፍ በጨርቁ ላይ አሳርፋ ቆጠረች። እንፋሎቱ ጭስስ አለ። አነሳች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ማጣበቂያው ሲለሰልስ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። በቀይ ፕላስተሩ መፈተሻ ክንፏን ቀስ ብላ ነካ አደረገች። ክንፉ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ትንሽ፣ ደረቅ። ወፏ ከአንገቷ ላይ ተሰበረች። ጭራዋም ለብቻው ወጣ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ አጎቷ፤ በተግሣጽ ሳይሆን በሐዘን።

የቀረው ምንቃሩ ነው። እሱን ስታነሳው ከሥሩ ብልጭ አለ። ማጣበቂያው ለስልሶ፣ እንጨቱም በእንፋሎቱ ላልቶ ስለነበር ትናንት ፍንክች ያላለው ጫፍ አሁን በወረንጦ አንድ ጊዜ ሳብ ሲደረግ ወጣ። ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?

እናቷና ሲስተርም መጥተው በር ላይ ቆመዋል። ጉንዳን ጫፉን በእናቷ እጅ ካለው ከተሰበረው መፈተሻ ጋር ገጠመችው። ስብራቱ ስብራቱን አገኘ። ከዚያ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ ለፖስተኛው አባባ አቀረበችላቸው።

መዳፋቸውን ዘረጉ። ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት፤ በጣታቸው ነካ አድርገው ሹልነቱን ለኩ። ከዚያ ሁሉም ሰው አየ፤ ጉሮሯቸው ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። ዋጡ።

«ተረክቤያለሁ» አሉ። «የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ሲስተር ከት ብላ ሳቀች። አባባ ሙዙን ላጡና ግማሹን በአንድ ጉርሻ አደረጉት፤ ጉንጫቸው ተነፋ። ዳቦውንም ደገሙ። እንዲህ እርቧቸው ነበር። ጉንዳን ሲበሉ አየቻቸው፤ ካየችው ምግብ ሁሉ ይሄ ይበልጥ የሚጣፍጥ መሰላት።

የተሰበረውን መፈተሻ ከእናቷ ተቀብላ፣ ከመሳቢያው ቀይ ፕላስተር አውጥታ እጀታው ላይ ጠመጠመችበት። ሦስት ዙር፣ ሲስተር እንደምትጠመጥመው። እናቷ ቆማ አየቻት፤ «ማታ» አለች፤ «ቁጭ ብለን እናወራለን።» ግን ይህን ስትል እጇን የጉንዳን ጭንቅላት ላይ አሳርፋ ነበር።

ጊታሩ አንገቱ ላይ ባዶ የወፍ ቅርጽ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የውጭው በር ተንኳኳ። በመስታወቱ የሾፌሯ ሰማያዊ ኮት ይታያል፤ ልክ አሥር ሰዓት።

አጎቷ ክሩን ወደ ፓኮው መልሶ ተነሳ። «ተይ እኔ ላናግራት። ማጣበቂያው አልደረቀም እላታለሁ፤ ሰኞ ትምጣ።»

ጉንዳን የወፏን ሦስት ስብርባሪ በጥንቃቄ መዳፏ ላይ ሰበሰበች። ክንፉ አሁንም ያብረቀርቃል።

«ቆይ ጋሼ» አለች። «እኔ ነኝ የምነግራት። እንዳለ።»

መዳፏን ሳትጨብጥ በሩን ልትከፍት ሄደች።